መብራቱ ሲጠፋ ፋኑ አይጥፋ፦ የችግኝ ቁም ሳጥን አየር በጅማ

ጅማ ላይ ቁም ሳጥን ውስጥ ችግኝ የሚያሳድግ ሰው መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ሙቀት ነው። መብራቱ ይሞቃል፣ ሳጥኑ ጠባብ ነው፣ ስለዚህ ፋን ይገጠምለታል። ከዚያ መብራቱና ፋኑ አንድ ታይመር ላይ ይሰካሉ፤ አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ይጠፋሉ። ልክ የሆነ ይመስላል። ችግኙ የሚያልቀው ግን መብራቱ በርቶ ሳለ አይደለም፤ ከጠፋ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው።

መብራት ሲበራ ከአፈሩና ከቅጠሉ ውሃ ይተንናል፣ የሞቀው አየርም ያንን ተን ይሸከማል። 24 ዲግሪ ሙቀትና 75 ፐርሰንት እርጥበት ያለው አየር 19 ዲግሪ ገደማ የሆነ ግድግዳ ሲያገኝ ጤዛ ይጥላል። የጅማ ሌሊት ደግሞ አብዛኛውን ዓመት ከዚያ በታች ይወርዳል። መብራትና ፋን አብረው ከጠፉ ተኑ መውጫ ያጣል፣ ሳጥኑ ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ግድግዳው አልቦት ታገኙታላችሁ። ጠብታው ቅጠል ላይ ተኝቶ ያድራል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የቃሪያው ችግኝ አንገቱ ላይ፣ ልክ አፈሩን የሚነካበት ቦታ፣ ውሃ የነካው ወረቀት መስሎ ይለሰልሳል፤ ቀጥሎ እንደ ክር ይቀጥናል፤ ላዩ ገና አረንጓዴ እንደሆነ ጎኑ ላይ ይተኛል። ይህን የሚያደርሱት አፈር ውስጥ የሚኖሩ እንደ ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ ያሉ ተሕዋስያን ናቸው። የሚፈልጉት እርጥብ አፈርና የቆመ አየር ነው፤ ፋኑን ስናጠፋ ሁለቱንም እንሰጣቸዋለን።

ስለዚህ ጅማ ላይ የፋኑ መጠን የሚሰላው ለሙቀት ነው፣ የሥራ ሰዓቱ የሚወሰነው ግን በእርጥበት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ክረምት ላይ «የውጭው አየር ራሱ እርጥብ ነው፣ እሱን እያስገባሁ እንዴት ሳጥኑ ይደርቃል?» የሚል ጥያቄ አለ። ይደርቃል። 16 ዲግሪ ላይ 90 ፐርሰንት እርጥበት ያለው የነሐሴ አየር ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ 24 ዲግሪ ሲደርስ እርጥበቱ ወደ 55 ፐርሰንት ይወርዳል። የያዘው ውሃ አልቀነሰም፤ ሲሞቅ መሸከም የሚችለው ስለጨመረ ነው። በዝናብ ወቅት መብራቱ ማድረቂያም ነው ማለት ነው፣ አየሩ መውጫ እስካለው ድረስ።

ሳጥኑን ከመግዛት ወይም ከማሠራት በፊት ቦታውን ምረጡ። ፋን አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም፤ ሳጥኑ ከሚስበው አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ያለበት ክፍል ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ከውጭው በላይ ይግላል። እዚያ አሥር ፋን ቢገጠም ትርፉ ድምፅ ነው። ግድግዳው ወፍራም የሆነ የጭቃ ቤት ካላችሁ ከብሎኬቱ ክፍል ይልቅ እሱን ምረጡ፤ ጭቃው የቀኑን ሙቀት አዘግይቶ ነው የሚያሳልፈው። የከሰዓት ፀሐይ የሚመታውን የምዕራብ ግድግዳ ተዉት። ሳጥኑን ከግድግዳው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር አርቁት፤ ከተጠጋ ጀርባው ይሻግታል፣ ቺፕውዱም ያብጣል።

ከሰል የሚነድበት ወይም ቡና የሚቆላበት ክፍልም አይሆንም። የጢሱ ጥላሸት የአየር ማስገቢያውን መረብ መድፈኑ ትንሹ ጉዳት ነው። ከሰል አቃጥሎ ሳይጨርስ ከሚለቃቸው ጋዞች አንዱ ኤትሊን ነው፤ የቲማቲም ቅጠል በኤትሊን ቁልቁል ይጠማዘዛል፣ አበባውም ይረግፋል። ሰው ውሃ የጠማው መስሎት ያጠጣዋል፣ በዚያም ሥሩ ይበሰብሳል። የበሰለ ሙዝም ያው ጋዝ ስላለው ከሳጥኑ አጠገብ አታስቀምጡት።

አሁን ወደ ስሌቱ። እንደ ምሳሌ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ጥልቀት፣ 150 ቁመት ያለው ቁም ሳጥን እንውሰድ፤ ይዘቱ 0.45 ሜትር ኩብ ነው። ውስጡ ከሶኬት 90 ዋት የሚስብ የኤልኢዲ መብራት አለ። የመብራቱን ድራይቨር፣ ያቺን የምትግል የብረት ሳጥን፣ አውጥታችሁ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ብታስቀምጧት ወደ 10 ዋት የሚጠጋው ሙቀት ውጭ ይቀራል። የቀረው 80 ዋት ሁሉ፣ ብርሃኑም ጭምር፣ መጨረሻው ሙቀት ነው፤ ቅጠል ለምግብ የሚያውለው በጣም ጥቂቱን ነው።

እዚህ ላይ የመብራቱን ካርቶን አትመኑ። 1000 ዋት ተብሎ የተጻፈበት መብራት ብዙ ጊዜ የሚስበው ከ100 እና ከ150 ብዙ አይርቅም። በቤታችሁ ቆጣሪ መለካት ትችላላችሁ። ሌላውን ሁሉ አጥፉ፣ መብራቱን ብቻ አብሩ፣ የቆጣሪዋን ቀይ ብልጭታ ለ6 ደቂቃ ቁጠሩ። ቆጣሪው ላይ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1000 ብልጭታ የሚል ከተጻፈ፣ የቆጠራችሁትን በ10 አባዙት፤ 9 ጊዜ ካለች 90 ዋት ነው። 1600 የሚል ከሆነ ደግሞ ያገኛችሁትን በ1.6 አካፍሉት።

የሚያስፈልገውን አየር ለማግኘት ዋቱን፣ ልትታገሱት ለምትችሉት የሙቀት ልዩነት አካፍሉና በ3.7 አባዙ፤ ውጤቱ በሰዓት ሜትር ኩብ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ያለ ሰው በ3 ነው የሚያባዛው። ጅማ ግን ወደ 1,750 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሯም በባሕር ጠለል ካለው ወደ 20 ፐርሰንት ይሳሳል፤ ያው መጠን ያለው አየር የሚሸከመው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። በሌላ አገር የተጻፈ ሰንጠረዥ አይታችሁ ፋን ከገዛችሁ የሚያንሳችሁ ለዚህ ነው። ለምሳሌያችን፣ ሳጥኑ ከክፍሉ በ5 ዲግሪ ቢበልጥ ግድ የለም ካልን፣ 80 ሲካፈል ለ5፣ ሲባዛ በ3.7፣ 59 ሜትር ኩብ በሰዓት ይመጣል። «የሳጥኑን አየር በደቂቃ አንዴ ቀይረው» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ የሚሰጠው 27 ብቻ ነው፣ ከሚያስፈልገው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ምክሩ የሳጥኑን ስፋት እንጂ የመብራቱን ዋት አይጠይቅም፤ ለዚህ ነው የማልቀበለው።

ፋኑ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነው የኮምፒውተር ፋን ይሁን። በ12 ቮልት ይሠራል፣ አብዛኛው ከ0.2 እስከ 0.3 አምፔር ይስባል፤ አሮጌ የራውተር አዳፕተር፣ 12 ቮልት 1 አምፔር የሚል፣ ሁለቱን ይችላል። ሽቦው ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው፤ ቢጫው ፍጥነት መንገሪያ ስለሆነ ይቀር። ማሸጊያው ላይ 65 ሲኤፍኤም (በደቂቃ ኪዩቢክ ጫማ) ካለ በ1.7 ስታባዙት 110 ሜትር ኩብ በሰዓት ነው፣ ግን ይህ ፊቱ ምንም በሌለበት የተለካ ነው። መረብና ጠባብ ቀዳዳ ሲመጣ ግማሹን ቁጠሩ፣ 55። አንዱ ብቻውን ልዩነቱን ከ5 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ ነገር ይይዛል፤ ሁለቱ ሲሠሩ ወደ 3 ዲግሪ ይወርዳል። ይህ ፋን ግፊት የለውም፤ ረጅም ቱቦና መታጠፊያ ብታስከትሉበት ክንፉ እየዞረ አየሩ ግን ይቆማል። መሽከርከሪያው ቦል ቤሪንግ የሆነውን ፈልጉ። ርካሹ በጣሪያው ላይ ተጋድሞ ወደ ላይ እንዲነፋ ሲገጠም ቅባቱ ቶሎ ያልቅና ይንጫጫል፤ ስለዚህ ከጣሪያው ይልቅ የኋላው ግድግዳ አናት ላይ አቁማችሁ ግጠሙት።

ቀዳዳውን ለመቁረጥ ጅማ ላይ እንጨት ሠሪ አይጠፋም፤ ባለሦስት እግር በርጩማ ለሚጠርብ እጅ 11.5 ሳንቲ ሜትር ክብ መቁረጥ የአፍታ ሥራ ነው። ሁለቱ ክቦች የኋላው ግድግዳ ላይኛው ጫፍ ላይ ይሁኑ። አየር ማስገቢያው ግን ከፊት ለፊት፣ ከበሩ ሥር ይሁን፤ አየሩ ሳጥኑን በሰያፍ አቋርጦ እንዲወጣ። መግቢያና መውጫ በአንድ ወገን ከተቀራረቡ አየሩ በአቋራጭ ይወጣና መካከሉ ታምቆ ይቀራል።

ስፋቱ ላይ አትቆጥቡ። የአንድ ፋን ክፍት ቦታ ወደ 100 ሳንቲ ሜትር ካሬ ነው፣ ሁለቱ 200። ማስገቢያው ቢያንስ የዚያ አንድ ተኩል ማለትም 300 ያስፈልገዋል፣ የትንኝ መረብ ደግሞ ሲሶውን ያህል ይዘጋል፤ 45 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ስንጥቅ ይበቃል። ነጭ ዝንብ ለመከላከል ብለው በጣም ደቃቅ መረብ የሚያደርጉ አሉ፤ ያን ከመረጣችሁ ስፋቱን እጥፍ አድርጉት። ቀዳዳው የተቆረጠበትን የቺፕውድ ጠርዝ ሰጋቱራውን ጠርጋችሁ በሲሊኮን ወይም በዘይት ቀለም ድፈኑት፣ አለዚያ ጠርዙ እርጥበት ጠጥቶ በአንድ ክረምት እንደ ዳቦ ያብጣል። የውስጡን ግድግዳም ነጭ ቀቡት፤ የአልሙኒየም ፎይል ይጨማደዳል፣ ከኋላውም ውሃ ይይዛል።

መደርደሪያውን በተመለከተ ጅማ ላይ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ቡና በወንፊት አልጋ ላይ ሲሰጣ አየሩ ከሥርም ስለሚያገኘው እኩል ይደርቃል፤ ሸራ ላይ መሬት ሲሰጣ ከሥሩ ይሻግታል። ችግኙም እንዲሁ ነው። ጣውላ መደርደሪያ ሳጥኑን ለሁለት ይዘጋዋል፣ ላይኛው ይግላል፣ ታችኛው ይረጥባል። የሽቦ ወንፊት በእንጨት ማዕቀፍ ወጥሩና ትሪዎቹን እዚያ ላይ ደርድሩ፣ በትሪና በትሪ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትታችሁ።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ሰንደል ለኩሱ። ፋኑ እየሠራ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ጢሱን በበሩ ጠርዝ ዙሪያ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። ጢሱ በየስንጥቁ ወደ ውስጥ ከተሳበ ደህና ነው። የሆነ ቦታ ወደ ውጭ ከገፋው ፋኑ ተገልብጦ ተገጥሟል፤ የፋኑ ማዕቀፍ ጎን ላይ ያለችውን ቀስት እዩ። አሁን ሰንደሉን ማስገቢያው ፊት ያዙት፤ ጢሱ ሳይበታተን እንደ ገመድ ተወጥሮ መግባት አለበት። እዚያ ላይ ዘገም ብሎ በሩ ላይ ግን ፈጥኖ የሚሳብ ከሆነ ማስገቢያው ጠቧል ማለት ነው፤ ስፋቱን ጨምሩ፣ ፋን አትጨምሩ። መጨረሻ ላይ በሩን ከፈት አድርጋችሁ ሰንደሉን በትሪዎቹ መካከል አሳልፉት። ጢሱ ቆሞ የሚንሳፈፍበት ጥግ ካገኛችሁ ሻጋታው የሚጀምረው እዚያ ነው፤ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ ፋን ወደ ግድግዳው አዙራችሁ ግጠሙ። ቅጠሉ እምብዛም ሳይታይ ይንቀጥቀጥ፤ በቀጥታ ከነፋችሁበት ጠርዙ ይደርቃል።

ሁለቱን ፋኖች አንድ ዓይነት ሥራ አትስጧቸው። አንደኛው ቀጥታ ከአዳፕተሩ ተያይዞ ቀንም ሌሊትም ይሥራ፤ እርጥበት የሚያስወጣው እሱ ነው። ሁለተኛው በደብልዩ 1209 በሚባለው ትንሽ የ12 ቮልት ቴርሞስታት በኩል ይለፍ፣ ወደ ማቀዝቀዣ ተስተካክሎ፣ በ26 ዲግሪ ይነሳ፣ በ24 ይቁም። ይህችን ሰሌዳ ለ220 ቮልት መብራት አትጠቀሙባት፤ የመዳብ መስመሮቿ ቀጫጭን ናቸው፣ ሽፋንም የላትም።

ለመብራቱ ኤስቲሲ 1000 የሚባለውን የ220 ቮልት መቆጣጠሪያ ለብቻው ግዙ። ሥራው አንድ ነው፦ ፋን ቢበላሽ ወይም የማስገቢያው መረብ ቢደፈን ሳጥኑ ሳይግል መብራቱን መቁረጥ። መብራቱን «ማሞቂያ» በሚለው ተርሚናል በኩል አገናኙት፤ ኤፍ 1ን (የሚቆርጥበትን ዲግሪ) 33፣ ኤፍ 2ን (ልዩነቱን) 5 አድርጉት። መብራቱ 33 ላይ ይጠፋል፣ 28 ሲደርስ ይመለሳል። አንዱን መሣሪያ ለመብራትም ለፋንም ለማድረግ የሚሞክር ሰው ይሳሳታል፤ በዚህ መሣሪያ ማቀዝቀዣው የሚነሳው ማሞቂያው ከጠፋበት ዲግሪ በላይ ስለሆነ ፋኑ ከመነሳቱ በፊት መብራቱ ተቆርጦ ይጠብቀዋል።

የሙቀት መለኪያው ጫፍ የት እንደሚንጠለጠል ከመሣሪያው ዋጋ ይበልጣል። መብራቱ በቀጥታ ካረፈበት ከአየሩ ብዙ ዲግሪ ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ማስገቢያው ፊት ከሆነ የክፍሉን ነው የሚነግራችሁ። ነጭ የፕላስቲክ ኩባያ ወስዳችሁ ጎኑን በጋለ ምስማር አሥራ አምስት ቦታ ብሱ፣ ገልብጣችሁ በክር አንጠልጥሉት፣ የመለኪያውን ጫፍ በቂጡ አሳልፋችሁ ግድግዳውን ሳይነካ መካከሉ ላይ ይቁም። ከፍታው በቅጠሉ ልክ ይሁን፣ ችግኙ ሲያድግ ክሩን ሰብስቡት።

የመብራቱ ሰዓት ከማታ 3 እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ይሁን፤ 14 ሰዓት ነው፣ ለቃሪያና ለቲማቲም ችግኝ ይበቃል። በዚህ ሰዓት መብራቱ የሚሠራው ክፍሉ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው፣ የሚያርፈው ጣሪያው ሲግል ነው። ምሽት ላይ ምጣድና ምድጃ ሁሉ በሚሰካበት ጊዜ ቮልቴጅ ሲወርድ ደግሞ ገና አልተነሳም። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን መብራቱ የሚጠፋው ክፍሉ መሞቅ ሲጀምር ስለሆነ ግድግዳው አለማላቡ ነው። የፒን ታይመር ባትሪ ስለሌለው መብራት በሄደ ቁጥር ወደ ኋላ ይቀራል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት ከሄደ እሑድ ላይ 6 ሰዓት ዘግይቶ መብራቱ ቀትር ላይ ሲነድ ታገኙታላችሁ። ባትሪ ያለውን ዲጂታል ውሰዱ።

መብራት ኃይል ሲሄድ ሙቀት አያስፈራም፣ መብራቱም ጠፍቷልና። ማስገቢያው ታች፣ መውጫው ላይ ከሆነ የሞቀው አየር በራሱ እየወጣ ለተወሰነ ጊዜ ይነፍሳል፤ ለዚህ ነው መውጫው ላይ ፋኑ ሲቆም የሚዘጋ ክዳን የማልመክረው። ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ በሩን አንድ ስንዝር ክፈቱት። ዲቫይደሩን ከሳጥኑ ውጭ፣ ከወለል 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ በቪስ እሰሩት፣ እያንዳንዱ ገመድ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይመለስ። ገመዱን ተከትሎ የሚወርድ ውሃ ከእጥፋቱ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት አለ። መብራቱ ሌሊት የሚሠራ ከሆነ ችግሩ ግማሽ በግማሽ ተፈትቷል። ኃይል ለሚሄድበት ሌሊት ደግሞ ውሃ የሞላ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ከወንፊቱ ሥር ይቀመጥ። ይህ ውሃ በ5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚለቀው ሙቀት 15 ዋት አምፖል ወደ 8 ሰዓት ሲበራ የሚሰጠውን ያህላል። ቃሪያ ሊበቅል ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ስለሚወድ የዘሩን ትሪ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ የፋኑ ትንፋሽ በሚያልፍበት፣ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ አስቀምጡት። ሰላጣን ግን እዚያ አትሞክሩ፤ ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሆን ዘሩ ይተኛል።

እርጥበቱን የምታነቡበት ትንሹ ዲጂታል ሃይግሮሜትር ከፋብሪካ ሲወጣ አምስትና ከዚያ በላይ ፐርሰንት ሊስት ይችላል። የጠርሙስ ክዳን ውስጥ የገበታ ጨው አድርጋችሁ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ክዳኑንና መለኪያውን አንድ ላይ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ አሽጋችሁ አሳድሩት። ጠዋት 75 ማንበብ አለበት። 81 ካለ ሁልጊዜ 6 እየቀነሳችሁ አንብቡት፣ ቁጥሩንም ጀርባው ላይ ጻፉበት። ለበቀለ ችግኝ ከ60 እስከ 70 ጥሩ ነው፤ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ከ85 በላይ ለሰዓታት የሚቆይ ከሆነ ከፋኑ በፊት ውሃ ማጠጣታችሁን ተመልከቱ። ጠዋት መብራቱ እየሠራ የጠጣ አፈር ላዩ ይደርቃል፤ ከሰዓት በኋላ የጠጣው እርጥብ እንደሆነ ያመሻል።

ቅጠሉም ይናገራል። የሰላጣ እምብርት ላይ ያሉት ለጋ ቅጠሎች ጫፋቸው ቡናማ ሆኖ ከተቃጠለ ሙቀት መስሏችሁ መብራቱን አታርቁ፤ ብዙውን ጊዜ እምብርቱ ላይ አየር ቆሞ ቅጠሉ ስለማይተነፍስ ካልሲየም ሳይደርሰው ቀርቶ ነው፣ መድኃኒቱ ትንሿ ፋን ናት። የላይኛው ቅጠል ጠርዙ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ታንኳ ከመሰለ ግን በእርግጥም ሞቆታል፤ መብራቱን በ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት።

የማስገቢያውን መረብ በየሁለት ሳምንቱ በደረቅ ብሩሽ ከውጭ በኩል ጥረጉት፣ በበጋ አቧራ በየሳምንቱ። የፋኑን ክንፍ ስታጸዱ በጣት ያዙት እንጂ እንዲዞር አትተዉት። ሌሊት ጸጥ ሲል ጆሯችሁን ሳጥኑ ላይ አድርጉ፤ እንደ ፌንጣ የሚጮህ ድምፅ ከጀመረ ቤሪንጉ እየሄደ ነው፣ እስኪቆም ሳትጠብቁ ቀይሩት።